አካል ጉዳተኛ ጀግና ያላቸው የወጣቶች ፋንታሲ ልቦለዶች፦ ለሐዋሳ አንባቢዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በሐዋሳ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጁ መጽሐፍ የሚፈልግ ወላጅ ወይም የትምህርት ቤት የንባብ ክበብ የሚመራ መምህር፣ ጀግናዋ አካል ጉዳተኛ የሆነች የፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት) ልቦለድ ሲያስፈልገው ምርጫ አያጣም፤ የሚቸገረው ምርጫዎቹ እርስ በርስ እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው ነው። አንዷን ልጅ ቀና ብላ እንድትሄድ የሚያደርጋት መጽሐፍ ሌላዋን ሊያቆስላት ይችላል፤ ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ የሚጠቅመውም በክፍሉ ውስጥ በክራንች ለምትሄደው ብቸኛ ተማሪ የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የትኛው የተሻለ ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የምታነበው ማን ናት?» የሚለው መቅደም አለበት። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት መጻሕፍት ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በቤቷ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ፣ በመንደሯ አማርኛ ለምትናገር የሐዋሳ ልጅ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ስለሆነ የቋንቋው ክብደትም ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው።

ዋናው መመዘኛ ግን በታሪኩ ውስጥ ያለው አስማት በጀግናዋ አካል ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። በአንዳንድ ታሪኮች አስማቱ ይፈውሳታል፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ በትር ይወዛወዛል፣ እግር ይቃናል፣ ዓይን ይበራል። እንዲህ ያለው ፍጻሜ ጉዳቷ ለማይፈወስላት አንባቢ የሚነግራት አንድ ነገር ነው፦ ሙሉ ሰው ለመሆን መጀመሪያ ሌላ ሰው መሆን አለብሽ። በዚህ መመሪያ ውስጥ እንዲህ የሚያበቃ መጽሐፍ ሆን ተብሎ አልተካተተም። በሌሎች ታሪኮች ደግሞ አስማቱ ካሳ ይሆናል፤ አንድ ነገር የጎደላት ሌላ ኃይል ይሰጣታል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል እያየ ላደገ አንባቢ፣ በጸሎት ብዙ ዘመን ቆመው አንድ እግራቸው እንደተሰበረና ስድስት ክንፍም እንደተሰጣቸው የሚነገረውን ለሚያውቅ፣ ይህ መንገድ እንግዳ አይደለም። ገድል ግን የቅድስናን ክብር የሚመሰክር ጽሑፍ ነው፤ ልቦለድ ደግሞ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነገ ጠዋት ደረጃ እንዴት እንደምትወጣ ማሳየት ይጠበቅበታል። ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን በታየው «አቫታር» በተሰኘው የካርቱን ተከታታይ ውስጥ ያለችው ዓይነ ስውሯ ቶፍ የካሳው መንገድ በጥንቃቄ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ታሳያለች። የመሬትን ንዝረት በእግሯ እየሰማች በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ትለያለች፤ ነገር ግን አሸዋ ላይ ስትቆም ነገሮች ይደበዝዙባታል፣ አየር ላይ ስትበር ምንም አታውቅም፣ ጽሑፍም ማንበብ አትችልም። ኃይሏ ዓይነ ስውርነቷን አልሻረውም ማለት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መንገድ አስማቱ አካሏን ሳይነካ እንዲያልፍና ጉዳቷ የሕይወቷ አንድ ክፍል ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ ነው።

በዚህ በሦስተኛው መንገድ ከሄዱት መካከል «ጋዘሪንግ ብሉ» ቀዳሚ ስፍራ ይገባዋል። ሎይስ ላውሪ ይህን መጽሐፍ ያሳተመችው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት የሆነውን የ1994 እ.ኤ.አ. የኒውቤሪ ሜዳልያ ካገኘው «ዘ ጊቨር» ጋር በአንድ ዓለም ውስጥ ይገኛል፤ ያኛውን ሳያነቡ ማንበብ ግን ይቻላል። ጀግናዋ ኪራ ከተወለደች ጀምሮ አንድ እግሯ የተጣመመ፣ በምርኩዝ እየተደገፈች የምትራመድ ልጅ ናት። የምትኖርበት ማኅበረሰብ መሥራት የማይችለውን ሁሉ፣ ጉዳት ይዞ የተወለደውን ሕፃን ጭምር፣ ከመንደር ውጭ ወዳለ ሜዳ ወስዶ አውሬ እንዲበላው ይተወዋል። ኪራ የተረፈችው እናቷ አሳልፌ አልሰጥም ስላለች ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እናትየዋ ሞታ ኪራ አስከሬኗን አራት ቀን ጠብቃ ስትመለስ ጎረቤቶቿ የቤቷን ቦታ ለልጆችና ለዶሮዎች ማጎሪያ ሊያደርጉት ሲያሴሩ ነው።

ከሞት የሚያድናት የእጇ ሙያ ነው። ኪራ ጥልፍ አዋቂ ናት፤ የመንደሩ ገዢዎች በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረገው ስብሰባ ላይ የዓለምን ታሪክ የሚዘምረው ሰው የሚለብሰውን ካባ እንድትጠግን ይወስዷታል። ካባው ላይ ከጥንት ጀምሮ የሆነው ሁሉ ተጠልፏል፤ ትከሻው ላይ ያለው ባዶ ስፍራ ደግሞ ገና ላልሆነው የተተወ ነው። ክር ማቅለምን ከአንዲት አሮጊት ትማራለች፤ ከቅጠል፣ ከሥርና ከአበባ ቀለም ሁሉ ታወጣለች፤ ሰማያዊ ብቻ አይገኝም። ጥበብ ሲሸመንና ሲጠለፍ ያየ፣ እንሶስላ ተቀጥቅጦ እጅ ሲያቀላ የሚያውቅ አንባቢ እነዚህን ምዕራፎች ማስታወሻ ሳያስፈልገው ይረዳል፤ ከሌሎቹ መጻሕፍት ይልቅ ይህ ወደ እኛ ቤት የሚቀርበውም ስለዚህ ይመስለኛል። አገራችን ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው እየተጠቀመች ስትንቃቸው የኖረች መሆኗን የሚያውቅ መምህር ከክፍሉ ጋር ብዙ የሚነጋገርበት ነገር ያገኛል።

መጽሐፉ የሚያነሳው ጥያቄ ኪራ እግሯ ይድናል ወይስ አይድንም የሚል አይደለም። መንደሩ ኪራን ያስጠጋት ስለምትጠቅም ነው፤ ባትጠቅም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህ ጥያቄ አስማት ከሌለበት ከእኛ ዓለም ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ አካል ጉዳተኛ ሰው በሙያው ልቆ ሲገኝ ብቻ ስሙ የሚነሳበት አጋጣሚ ለማንም አዲስ አይደለም። ላውሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ሜሴንጀር» በተባለው ተከታይ መጽሐፍ ውስጥ ኪራ ተመልሳ ትመጣለች፤ የመፈወስ ስጦታ ያለው ወዳጇ እግሯን ሊያቃናላት ሲጠይቃት አትቀበለውም። የፈውሱ በር ተከፍቶ ጀግናዋ ራሷ የምትዘጋው መሆኑ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ሁለተኛው ብርቱ ተወዳዳሪ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪጂድ ከመረር «ኤ ከርስ ሶ ዳርክ ኤንድ ሎንሊ» ነው። የቆንጆይቱንና የአውሬውን ተረት መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ጀግናዋ ሃርፐር ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴንና ሚዛንን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለባት የዋሽንግተን ዲሲ ልጅ ናት፤ እያነከሰች ትራመዳለች፤ እናቷ በካንሰር እየሞተች ነው፣ ወንድሟ በአራጣ አበዳሪ እጅ ወድቋል። አንድ ሌሊት አንድ ሰው መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ሲጎትት ታይና በብረት ትመታዋለች፤ በዚህም ምክንያት በዚያች ልጅ ፈንታ ኤምበርፎል ወደተባለ መንግሥት ትወሰዳለች። እዚያ የሚጠብቃት ልዑል ሬን በጠንቋይ እርግማን ታስሮ አሥራ ስምንተኛ ዓመቱ የተጀመረበትን የመጸው ወቅት ደጋግሞ የሚኖር፣ ወቅቱ ባለቀ ቁጥር አውሬ የሚሆን፣ አንዲት ሴት ከወደደችው ብቻ የሚፈታ ነው።

ከመረር ያሰበችበት ነገር በግልጽ ይታያል። የተረገመው ልዑሉ ነው፤ ሃርፐር አልተረገመችም። ጉዳቷ የእርግማን ምልክት አይደለም፣ የኃጢአት ዋጋም አይደለም፣ የሚፈታም ነገር አይደለም። በእኛም አገር የልጅን ጉዳት ከእርግማን ወይም ከወላጅ በደል ጋር የሚያያይዝ ጎረቤት ስለማይጠፋ፣ ይህ አቀማመጥ ለአንዲት የሐዋሳ ልጅ ያለው ትርጉም ደራሲዋ ከገመተችውም በላይ ሊሆን ይችላል። ሃርፐር ፈረስ ትጋልባለች፤ የተማረችውም ለአካል ሕክምናዋ ስትል ነው። በምድር ላይ የሚያስቸግራት ሚዛን ፈረስ ላይ ስትወጣ ይታገሣታል፤ ይህን የሰጣት ደግሞ አስማት ሳይሆን ልምምድ ነው። ሰዎች ከየት እንደመጣች እንዳያውቁ «የዲሲ ልዕልት» ተብላ ስትቀርብ ያለው ቀልድም ጥሩ ነው። ጉድለት አለው ከተባለ፣ በአንዳንድ የጥድፊያና የውጊያ ምዕራፎች ጉዳቷ ከትረካው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ድካሟና ሕመሟ ተረስቶ ቆይቶ ደራሲዋ ሲታወሳት ይመለሳል። ርዝመቱም ከ450 ገጽ በላይ ነው። ጭካኔ ያለባቸው ትዕይንቶች ስላሉትና ፍቅር የታሪኩ አንቀሳቃሽ ስለሆነ ከአሥራ አራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የአንባቢዋ ማንነት ወሳኝ የሚሆንበት ምክንያት ይገለጣል። «ጋዘሪንግ ብሉ» ማኅበረሰቡን ይከሳል፤ «ኤ ከርስ» ግን ጀግናዋን ያነግሣል። ራሷ አካል ጉዳት ያለባት ልጅ፣ በየቀኑ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ክራንቿ የሚንሸራተትባት ወይም ዊልቸሯ የሚንገጫገጭባት፣ ሕፃናት ወደ ሜዳ ሲጣሉ ማንበብ የግድ አያስፈልጋትም፤ መገፋትን ከመጽሐፍ አትማረውም። ለእርሷ የምትወደድ፣ የምትቆጣ፣ ሠራዊት ፊት የምትቆም፣ አንዳንዴም የምትሳሳት ሃርፐር ትሻላለች። አካል ጉዳት የሌለባቸው የክፍል ጓደኞቿ ግን ሃርፐርን ቢያነቡ «ጎበዝ ናት!» ብለው ሊያልፉ ይችላሉ፤ እነርሱን ወንበራቸው ላይ የሚያቁነጠንጣቸው የኪራ መንደር ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ገልብጠው፣ ከባዱን መጽሐፍ ለጉዳተኛዋ ልጅ «አንቺን ይመለከታል» ብለው ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ስጦታ በቅን ልቦና ቢሰጥም ሸክም ነው።

በአፍሪካ ምድር ላይ የሚሆን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የንኔዲ ኦኮራፎር «አካታ ዊች» አለ። ጀግናዋ ሰኒ ኒው ዮርክ ተወልዳ በናይጄሪያ የምታድግ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። አልቢኒዝም (የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም እጥረት) ስላለባት ቀን ቀን ጃንጥላ ይዛ ትሄዳለች፤ ኳስ በጣም ትወዳለች፣ ነገር ግን ፀሐዩ ስለሚያቃጥላት የምትጫወተው ሲመሽ ከወንድሞቿ ጋር ነው። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ገለጻ አያሻውም። ሰኒ «የነብር ሰዎች» የተባሉ የአስማት ማኅበር አባል መሆኗን ትደርስበታለች፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ከሰማይ የሚወድቀው ሰው ዕውቀት ሲያገኝ ብቻ ነው። መምህራን ይህን ሐሳብ ብቻውን ሊወዱት ይችላሉ።

ይህ መጽሐፍ የሚሄደው በካሳው መንገድ ነው። በነብር ሰዎች ዘንድ ሌላው ዓለም እንከን የሚለው ነገር የስጦታ ምንጭ ነው፤ የሰኒ አልቢኒዝም ከስውርነት ኃይሏ ጋር፣ ማንበብ የሚያስቸግረው የጓደኛዋ የኦርሉ ዲስሌክሲያ ደግሞ የተሠራ አስማትን ከመፍታት ችሎታው ጋር የተያያዘ ነው። ሐሳቡ ያጽናናል፤ ግን ስጦታ የሌላት ተራ አልቢኖ ልጅ ዋጋዋ ስንት ነው የሚለውን ሳይመልስ ያልፋል። ደግነቱ ስጦታውን ከአራት ጓደኛሞች መካከል ለእያንዳንዳቸው በመስጠቱ ሰኒን ብቻዋን ልዩ ፍጡር አድርጎ አያቆማትም። ደራሲዋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከወገቧ በታች መንቀሳቀስ አቅቷት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ነው መጻፍ የጀመረችው፤ አካል ሲከዳ ምናብ የሚሄድበትን ስፍራ በልምድ ታውቀዋለች። ርዕሱንና የጥንቆላውን ይዘት የማይወድ ወላጅ ሊኖር ስለሚችል፣ መምህሩ መጽሐፉን ወደ ክፍል ከማምጣቱ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቢነጋገር ይመረጣል።

እንግሊዝኛዋ ገና ላልጠና ልጅ ግን ከሦስቱም በፊት «ኤል ዴፎ» ይሻላል። የሲሲ ቤል የ2014 እ.ኤ.አ. የሥዕል መጽሐፍ በትክክል ፋንታሲ አይደለም፤ ደራሲዋ በአራት ዓመቷ በማጅራት ገትር ምክንያት የመስማት ችሎታዋን ካጣች በኋላ የነበረውን የልጅነት ሕይወቷን የምትተርክበት ነው። ሆኖም ሰዎቹ ሁሉ ጥንቸል ሆነው ተስለዋል፤ ልጅቱም ደረቷ ላይ የምታስረው የመስሚያ መሣሪያ መምህሯን ከክፍል ውጭ ሳይቀር ስለሚያሰማት ራሷን ልዕለ ጀግና አድርጋ ታስባለች። የመሣሪያው ባትሪ ሲደክም በሥዕሉ ላይ የንግግሩ ፊደላት እየደበዘዙ ይጠፋሉ፤ የሚሰማ ልጅ አለመስማት ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይገባዋል። ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ለሆኑት ይስማማል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን የሕፃን መጽሐፍ ተሰጠኝ ብላ ልትቀየም ትችላለች።

የኮሪን ዳውቪስ «አዘርባውንድ» (2014 እ.ኤ.አ.) የተሻለ ዝና ይገባው ነበር። ምላሷ ተቆርጦ በምልክት ቋንቋ የምትነጋገር አገልጋይ ልጅና ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር በእርሷ ዓይን የሚያይ አሜሪካዊ ወጣት ታሪክ ነው። የአካል ሥቃይ ትዕይንቱ ስለሚበዛና ትረካው በሁለት ዓለም መካከል ስለሚዘል ለበሰለ አንባቢ ካልሆነ አይመረጥም። የሊ ባርዱጎ «ሲክስ ኦፍ ክሮውስ» (2015 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዘወትር በዚህ ጉዳይ ላይ ይነሳል፤ ነገር ግን በከዘራ የሚሄደው ጀግና ወንድ ስለሆነ ጥያቄያችንን በቀጥታ አይመልስም።

«ደራሲዋ ራሷ አካል ጉዳተኛ ናት?» የሚለው ጥያቄ መመዘኛ መሆን አለበት ወይ? ዳውቪስ ራሷ በ2015 እ.ኤ.አ. ደራሲው የገጸ ባሕርይውን ማንነት የሚጋራባቸውን መጻሕፍት ለመለየት አንድ መለያ ሐሳብ አቅርባ በፍጥነት ተስፋፍቶ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን በዚህ ዘርፍ የሚሠራው «ዊ ኒድ ዳይቨርስ ቡክስ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት መለያው የገበያ ማስታወቂያ እየሆነና ደራሲዎችን የግል ምስጢራቸውን እንዲያወጡ እየገፋ ነው ብሎ መጠቀሙን አቁሟል። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ በመጽሐፉ ውስጥ የዕለት ተዕለት ዝርዝር፣ ባትሪው፣ ድካሙ፣ የሰዎች አተያይ ዋናው ነገር ከሆነ የደራሲዋ ልምድ ብዙ ይመዝናል፤ «ኤል ዴፎ» ያለ ቤል ልምድ ሊጻፍ አይችልም ነበር። መጽሐፉ የሚመረምረው ማኅበረሰቡን ከሆነ ግን፣ እንደ ላውሪ መንደር፣ ጥያቄው ያን ያህል አያስጨንቅም።

መጽሐፉን ማግኘትና ማንበብ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ፒያሳ አካባቢ ዞር ዞር ብሎ ከመፈለግ ይልቅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ሰው ማዘዝ፣ አለበለዚያም የኤሌክትሮኒክ ቅጂውን ገዝቶ በስልክ ማንበብ ይቀላል። ስልኩ ለአንዳንዶች ከወረቀቱ የተሻለ ነው፤ ዓይኗ የደከመ ልጅ ፊደሉን ታጎላዋለች፤ ማየት የተሳናት ደግሞ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ባለው ቶክባክ ጽሑፉን ልታዳምጥ ትችላለች። በዚህ ረገድ «ኤል ዴፎ» አይሆንም፤ ንግግሩ በሥዕሉ ውስጥ ስላለ ቶክባክ ሊያነበው አይችልም። እጇ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መቆየት የሚያቅታት ልጅም ብትሆን የሃርፐርን ታሪክ በስልክ ብታነበው ይመረጣል።

የቋንቋው ክብደት ሲታይ «ጋዘሪንግ ብሉ» ከ250 ገጽ በታች፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ቃሉ የተመጠነ ስለሆነ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በክረምቱ ዕረፍት ያለ መዝገበ ቃላት ሊዘልቀው ይችላል። «አካታ ዊች» ወደ 350 ገጽ ይጠጋል፤ የናይጄሪያ ቃላትና የፒጅን እንግሊዝኛ አልፎ አልፎ ስለሚገቡበት መጀመሪያ ላይ ያደናቅፋል፣ በኋላ ግን ጆሮ ይለምደዋል። «ኤ ከርስ» ሃርፐርና ሬን በየተራ በአንደኛ መደብ የሚተርኩት፣ ንግግር የሚበዛበት ስለሆነ ከርዝመቱ አንጻር ፈጥኖ ይነበባል።

ክበቡ አንድ መጽሐፍ ብቻ መግዛት ከቻለና አባላቱ የተቀላቀሉ ከሆኑ «ጋዘሪንግ ብሉ» ይገዛ፤ ውይይቱ ግን ሜዳው ላይ ሳይሆን ካባው ላይ ይጀመር፣ ጉዳት ያለባት ተማሪም የሁሉ ቃል አቀባይ ሆና እንድትናገር አትጠየቅ። ሁለት መግዛት ከቻለ «አካታ ዊች» ይጨመር፤ ሁለቱ መጻሕፍት አንድን ጥያቄ ከተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚይዙት ክርክሩ ራሱ ይነሳል። ለአንዲት ልጅ በግል የሚሰጥ ስጦታ ከሆነ «ኤ ከርስ ሶ ዳርክ ኤንድ ሎንሊ» ይመረጥ፤ ሰጪው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይንገራት። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ትረካውን ለሌላ ጀግናና ለልዑሉ ጠባቂ ለግሬይ ያስረክባል፤ ሃርፐርን ፈልጋ የምትገዛው ልጅ እርሷን በዋና ተራኪነት መልሳ የምታገኛት በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው ነው።